እትዬ የወደቀችበት ረቡዕ

ታሪኬን ከመሃል የምትጀምሩ ካላችሁ አይክፋችሁ፣ ብዙ አላመለጣችሁም። እኔ የሆቴል ቤት ልጅ ነኝ። በአባቴ ሆቴል እንግዳ እቀበላለሁ፣ ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ያኮረፈ እንግዳ አባብላለሁ። የምወደው ሰው ደግሞ ወገቡን በገመድ ታስሮ ድንጋይ ላይ ሲንጠለጠል የሚውል የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ከተማው ሁሉ ባለገመዱ ይለዋል። አባቴ የሁለታችንን ነገር የሰማ ቀን «ልጄን ለተንጠልጣይ አልድርም!» ብሎ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። ከዚያ ወዲህ በድብቅ ደብዳቤ እንጻጻፍ ነበር። መጻጻፋችንም ከቆመ ዘጠኝ ሳምንት ሆነው። ለምን እንደቆመ እኔ የማውቅ መስሎኝ ነበር፣ እሱም የሚያውቅ መስሎት ነበር። ሁለታችንም አላወቅንም።

ያን ረቡዕ ረፋድ ላይ አንድ የመነጽር ነጋዴ መጣ። ሁለት ሻንጣ ሙሉ መነጽር ይዞ ከከተማ ከተማ የሚዞር፣ ወሬ የሚችል ሰው ነው። ስሙን ሳልመዘግብ አንዱን ሰፊ ክብ መነጽር አውጥቶ አፍንጫዬ ላይ ሰካና «አሁን ገና ዳኛ መሰልሽ!» አለኝ። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅኩ። ያ ሳቅ የሰው ነፍስ እንደሚያተርፍ በምን ልወቅ?

ሌላ ግማሽ ሰዓት ሲያስቀኝ ቆይቶ «እትዬን የሚያሳይ ክፍል ይኖርሻል?» አለኝ።

«የማያሳይ የለንም» አልኩት በኩራት።

እትዬ ድንጋይ ናት። ሆቴላችን ፊት ለፊት፣ ሐይቁ ዳር የቆመች፣ አራት ፎቅ የምታህል፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ጎንበስ ብላ የጠፋባትን መርፌ የምትፈልግ የምትመስል ድንጋይ። እትዬ ብሎ የጀመራት ማን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። ጭጋግ ሲወርድባት «እትዬ ዛሬ አልተነሳችም» እንላለን። ሁለት ሰው በዋጋ ሲጨቃጨቅ «እትዬ ትፍረደን» ይባባላል። ዳቦ ጋጋሪው የከሰዓቱን ሊጥ የሚጀምረው ጥላዋ የሱቁ ደፍ ላይ ሲደርስ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ሆቴሉን ሲሠራ የአሥራ አራቱንም ክፍል መስኮት ወደ እሷ አዞረ። ሰው ሁሉ «ሰውዬው ድንጋይ አገባ» እያለ ሳቀበት። ሠላሳ ዓመት አኖረችው።

ቁልፍ ሰባትን ከሰሌዳው ላይ ሳነሳ ሕንፃው ከሥር ወደ ላይ አንዴ ነጠረ። የቀሩት ቁልፎች በሙሉ ተንቀጫቀጩ። ከውጭ እንደ ከባድ ትንፋሽ ያለ ነገር ሰማሁ።

«የጋዝ ሲሊንደር የሚያራግፉት ልጆች ናቸው» አልኩት እንግዳውን። «ቀስ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።»

አንዱን ሻንጣ እኔ፣ አንዱን እሱ ይዘን ወጣን። ሁሌም እንግዳ ሳስገባ የማደርጋት አንዲት ጨዋታ አለችኝ። «አይንዎን ይጨፍኑ» አልኩት። ጨፈነ። መጋረጃውን በሁለት እጄ ሳብኩና ፊቴን ወደ እሱ እንዳዞርኩ «ይኸው፣ ከእትዬ ጋር ይተዋወቁ!» አልኩ።

አይኑን ገለጠ። አየ። ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

«የትኛዋ ናት?»

ዞርኩ። ሰማይ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ክፍል ተሳሳትኩ የሚል ነበር። እውነቴን ነው። ወጥቼ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር አነበብኩ። ሰባት። ተመልሼ ገባሁ። የለችም። በእሷ ቦታ ነጭ አቧራ ከውሃው ላይ እየተነሳ ነበር፣ አናቷ ላይ የሚያርፉት ወፎች ማረፊያ አጥተው ባዶው ላይ ይዞራሉ። ከሐይቁ ማዶ ከመስኮቶቻችን አይቼው የማላውቀው ኮረብታ ተገልጦ ይታየኛል። ያ ኮረብታ ዕድሜ ልኬን እዚያ ነበር፤ እትዬ ጋርዳው ነው።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አልኩት እንግዳውን።

«ረቡዕ።»

ረቡዕ የባለገመዱ ቀን ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። የነጋዴው መነጽር አፍንጫዬ ላይ እንዳለ ነው የሮጥኩት። ባለገመዱ በየሳምንቱ ረቡዕ ጠዋት እትዬ ላይ ይወጣል። ከጀርባዋ፣ ከእግሯ እስከ ትከሻዋ የሚደርስ አንድ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ስንጥቁን አሻግሮ በሦስት ቦታ ስስ የመስታወት ቁራጭ በጀሶ ለጥፏል። ድንጋዩ የፀጉር ያህል ቢንቀሳቀስ መስታወቱ ይሰበራል። እሱ ሦስቱንም አይቶ መዝገቡ ላይ «ደህና» ብሎ ይጽፋል። ሥራው ይኸው ነው። ያን ሰዓት እላይዋ ላይ መሆን ነበረበት።

ዳርቻው ላይ ሰው ተሰብስቧል። እትዬ ለሦስት ተከፍላ ተኝታለች፣ አናቷ ውሃ ውስጥ ገብቷል፣ የተቀረው ተሰባብሮ መንገዱን ዘግቷል። ዳቦ ጋጋሪው ሊጥ በእጁ እንዳለ ቆሟል።

«ባለገመዱን ያየ አለ?» ብዬ ጮህኩ። «ወጥቶ ነበር? ገመዱን ያየ የለም?»

ሰው አይኑን ከአይኔ እያሸሸ መሬት መሬት ያያል። ተንበርክኬ ድንጋይ በእጄ ማንሳት ጀመርኩ። ሊነሳ የሚችለውን አነሳለሁ፣ የማይችለውን እገፋለሁ። ጥፍሬ ሲሰበር እንኳን አልታወቀኝም።

«ተይ፣ እጅሽን ትጎጂዋለሽ» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

የማውቀው ድምፅ ነው። ዞርኩ። ባለገመዱ ገመዱን ትከሻው ላይ እንደጠቀለለ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል፣ አይኑ እኔ ላይ አይደለም፣ ከኔ ወዲያ የተኛችው ላይ ነው።

«የት ነበርክ?» አልኩት። ማቀፍ ሲገባኝ ተቆጣሁ። ሰው ሲደነግጥ እንዲህ ነው።

«በርሽ ድረስ መጥቼ ነበር። ዘጠኝ ሳምንት ምን እንዳጠፋሁ ልጠይቅሽ። በመስታወቱ በር ሳይ ከአንድ ሰው ጋር ትስቂያለሽ። ይሄንን መነጽር አድርገሽ።» እጁን ዘርግቶ መነጽሩን ከአፍንጫዬ አወለቀው። «አኩርፌ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ሥራ እንኳን አልገባም ብዬ። እዚያው ተቀምጬ ነው የሰማሁት።»

እኔ ምን እንዳጠፋሁ? ምን ማለቱ ነው? ሰባት ደብዳቤ ጽፌ አንድ መልስ ያልሰጠኝ እሱ ሆኖ ሳለ? ግን ይኸው ቆሟል፣ ይተነፍሳል፣ ያኮርፋል። ለጊዜው ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

አባቴ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የአዳራሹን መወልወያ ጨርቅ ትከሻው ላይ እንዳደረገ፣ በነጠላ ጫማ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ወደ ትልቁ ስባሪ ሄዶ መዳፉን አሳረፈበት፣ ትኩሳት ያለው ሕመምተኛ እንደሚዳስስ ሰው።

«ያ ማሽን ነው!» አለች ልብስ ሰፊዋ በድንገት። «አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ መሬቱን ሲያርገበግብ የከረመው! ሰገነቴን ላስፋ ብለህ አሥራ ሁለት ቀን!»

አባቴ እውነትም ከሁለት ሳምንት ወዲህ ድንጋይ መብሻ ማሽን አስመጥቶ ነበር። እንግዶች እትዬን እያዩ ቁርስ የሚበሉበትን ሰገነት ሊያሰፋ። ለካ ሰው ሁሉ በሆዱ ይህንኑ ሲያስብ ኖሯል። ተንጫጩ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ያልተናገረ አልነበረም፤ የአባቴን ምሳ በነጻ ሲበላ የኖረው ፀጉር አስተካካይ እንኳን ተናገረ።

ከቀትር በኋላ መሐንዲሷ መጣች። ከክፍለ ሀገሩ ቢሮ ነው የላኳት፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ የሰካች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት። የባለገመዱን መዝገብ ገለጠች።

«ደህና፣ ደህና፣ ደህና» እያለች አነበበች። «እስካለፈው ረቡዕ ድረስ ሦስቱም መስታወቶች ደህና ናቸው። ደህና የነበረ ድንጋይ በአንድ ጊዜ ከወደቀ ያናወጠው ነገር አለ ማለት ነው።»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። እኔ ግን ባለገመዱን አየሁት። አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። አንድ ቃል ቢናገርለት ምን ነበረበት? አባቴ ተንጠልጣይ ስላለው ነው የተበቀለው ብዬ ተቃጠልኩ።

ስብሰባው ለዓርብ ተቀጠረ፣ በኛው አዳራሽ፣ ከተማው ውስጥ ሌላ ሰፊ አዳራሽ ስለሌለ። አባቴ ቤት ገብቶ ቁልፎቹን ሁሉ ከኔ ተቀበለ። ክፍል በክፍል እየዞረ የአሥራ አራቱንም መስኮት መጋረጃ በገዛ እጁ ዘጋ። የመጋረጃው ቀለበት ብረቱ ላይ ሲንሸራተት እየሰማሁ ከታች ቆጠርኩ። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ ስለ አባቴ እንዲህ ልቤ ተሰብሮ አያውቅም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጀልባ ቀዛፊው በጓሮ በር መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ በማያገባቸው የማይገቡ። ከካፖርታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«ጀልባዬን ላወጣ ድንጋይ ስገፋ አንዱ ለሁለት ተገመሰ። መሃሉ ላይ ይሄ ነበር። ጽሑፍሽን ከእንግዳ መዝገቡ ላይ አውቀዋለሁ።» ጥቅሉን እጄ ላይ አኖሩት። «ማንበብ እችላለሁ። ግን አላነበብኩም፣ የኔ ልጅ።»

ስምንት ፖስታ። ሰባቱ የኔ ናቸው። ጀርባቸው ላይ ቀን የጻፍኩባቸው፣ አንዳቸውም ያልተከፈቱ።

እዚያው የከሰል ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። የደብዳቤያችን ሳጥን የእትዬ ስንጥቅ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ በእግር መንገዱ ከጀርባዋ እዞርና ከታችኛው መስታወት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ፖስታዬን እሰካለሁ። እሱ ረቡዕ ሲመጣ ያወጣና መልሱን ያስቀምጣል፣ እኔ በማግስቱ እወስዳለሁ። ሐሙስ ስሄድ ፖስታዬ ከሌለ ወሰደው ማለት ነው፤ መልስ ከሌለ ደግሞ አልመለሰም ማለት ነው። ሰባት ጊዜ እንዲህ ብዬ አመንኩ። አልወሰደውም። እትዬ ናት የዋጠችው።

ስምንተኛውን ከፈትኩት። የሱ ነው። ሁለት መስመር ብቻ። «ምን አጠፋሁ? ካጠፋሁ ስደቢኝ፣ ዝም ብለሽ ግን አትቅጪኝ።» እሱም እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ወድቆ ነበር። ስምንቱንም ደረቴ ላይ ይዤ ወደ ዳርቻው ሮጥኩ።

ባለገመዱን ዳርቻው ላይ ባለችው ዕቃ ቤቱ ውስጥ አገኘሁት። ገመዱን እየፈታ እንደገና ይጠቀልላል። ፖስታዎቹን ሳሳየው አልነካቸውም።

«እዚያ ውስጥ ነበሩ?»

«ሁሉም።»

«አንዱም አልደረሰኝም። ባዶ ሆኖ ነው የማገኘው። ባዶ… እና መስታወቱ ተሰብሮ።»

«የቱ መስታወት?»

ገመዱን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የነገረኝን እስከ ዛሬ በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

«የታችኛው። ሦስት ጊዜ ተሰብሮ አገኘሁት። እጅሽ መስሎኝ። መጥታ እጇን ስታስገባ ሰበረችው፣ ደብዳቤ ልታስቀምጥ ፈልጋ እልኋ ያዛትና ተመለሰች ብዬ። እንደምትመጪ ምልክቱ እሱ ብቻ ነበር።» ቀና ብሎ አየኝ። «ተሰብሮ ባገኘሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፣ ገባሽ? አልተወችኝም እያልኩ አዲስ መስታወት እለጥፋለሁ። ሪፖርት ባደርግ ማን ነው እዚያ የሚሄደው ይባላል፣ አባትሽ ይሰማል። መዝገቡ ላይ ደህና ብዬ ጻፍኩ።»

ፖስታዎቹን መልሼ ብብቴ ውስጥ ከተትኩ፤ እሱ ቀጠለ።

«የባሰውን ልንገርሽ? ለሦስተኛው ጊዜ መስታወት ስቆርጥ ረዘም አድርጌ ነው የቆረጥኩት። የፊተኛው ልክ አልደርስ ሲል። ረዘም አድርጌ! እጄ ስንጥቁ መስፋቱን ያውቅ ነበር። እኔ አላወቅኩም። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

«እኔም እኮ…» አልኩ። «መጨረሻ ላይ እጄ እስከ አንጓዬ ይገባ ነበር። ጥሩ ተደበቀልኝ ብዬ ደስ አለኝ።»

በክፍቱ በር እትዬ ትታያለች፣ ማለቴ የእሷ ፍርስራሽ ይታያል። ሁለት ሰው የልቡን እየጠየቃት እሷ የራሷን ስትናገር ከርማለች።

«ነገ እናገራለሁ» አለ። «አባትሽ ያላደረገውን አይሸከምም። ያንቺን ስም ግን አላነሳም። ሰንፌ ነው፣ ሳላይ ነው የጻፍኩት እላለሁ።»

«ያስሩሃል!»

«ይሰሩኛ።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ወይ አንቺ ዝም በል በይኝ። አንቺ ካልሽኝ ዝም እላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ በይኝ።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ሳልዋሻችሁ ልናገር፤ ዝም በል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባቴ አርጅቷል፣ ወቀሳውን ይለምደዋል፣ እኛ ገና ነን አልኩ በሆዴ። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ የአባቴ አንድያ ልጅ። በል አላልኩት፣ ተውም አላልኩት። ፖስታዎቼን ይዤ ወጣሁ፤ እስከ ቤት ድረስ ራሴን ፈርቼ ሄድኩ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወንበር ያልደረሰው ግድግዳ ተደግፏል። መሐንዲሷ ፊት ለፊት መዝገቡን ይዛ ተቀምጣለች። ባለገመዱ ከበሩ ሥር ቆሟል። ስብሰባው ሳይከፈት አባቴ ተነሳ።

«ማንም አይድከም» አለ። «እኔ ነኝ። አትበቃኝም ብዬ ማሽን አስገባሁባት። ሠላሳ ዓመት አኖረችኝ፣ እኔ ጣልኳት። ሆቴሉን እዘጋለሁ፣ ይህንን ከተማ እለቃለሁ። ልጄን ብቻ ክፉ እንዳታዩብኝ።»

አባቴ አምኖ ነው የተናገረው። እሱ ራሱ እንደጣላት አምኗል።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም» አለ ባለገመዱ ከኋላ። ሁሉም ዞረ። «እኔ ነኝ። መስታወቱ ሦስት ጊዜ ተሰብሮ ነበር። ሰንፌ ነው። ሳላይ ደህና እያልኩ ስጽፍ ከርሜያለሁ።»

አዳራሹ ተናወጠ። ዳቦ ጋጋሪው ወንበር ገፍቶ ተነሳ። «ልጆቼ በሥሯ ሲያልፉ! በየቀኑ በሥሯ ሲያልፉ አንተ ሰንፈህ!» ሁለት ሰው ይዞ አስቀመጠው። ፀጉር አስተካካዩ «ሌባ!» አለ፣ ምን እንደሰረቀ ባላውቅም። ባለገመዱ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። አባቴ አፉን ከፍቶ ያየዋል።

እግሬ እንዴት እንደተነሳ አላውቅም።

«ውሸቱን ነው!» አልኩ።

ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። በሰው መሃል አልፌ ስምንቱን ፖስታ መሐንዲሷ ፊት ደረደርኩ። «ሰንፎ አይደለም። እኔ በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ደብዳቤ አስቀምጥለት ነበር። መስታወቱን እጄ የሰበረው መስሎት፣ ስሜ እንዳይነሳ ብሎ ነው ዝም ያለው። ደብዳቤዎቹን ስንጥቁ ውጦብን እኔም ሳላውቅ፣ እሱም ሳያውቅ።»

አባቴን አላየሁትም። ማየት አልቻልኩም።

መሐንዲሷ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደች። ትስቃለች ወይ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ገልብጣ ቀናቸውን አየች።

«የመጀመሪያውን ስታስገቢ ገፍተሽ ነው?»

«አዎ። በመዳፌ ገፍቼ። ግማሹ ውጭ ቀርቶ ነበር፣ በሳምንቱ ግን አልነበረም።»

«ይሄ ዘጠኝ ሳምንቱ ነው። ሦስተኛው?»

«ሳልገፋው ገባ።»

«አምስተኛው?»

«ጣቶቼ አብረው ገቡ።»

«ሰባተኛው?»

«እስከ አንጓዬ።» እጄን አነሳሁና አሳየኋት። ከተማው ሁሉ የእጄን አንጓ አየ። የአንድ ሴት የፍቅር ደብዳቤ በመሐንዲስ ወረቀት ላይ በሠንጠረዥ ሲጻፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊቴ እሳት ሆነ። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ!» ስትል ሰማሁ።

መሐንዲሷ ወደ ባለገመዱ ዞራ የመስታወቶቹን ርዝመት ጠየቀችው። አንድ በአንድ ነገራት።

«ማሽኑ መቼ ገባ?» ብላ አባቴን ጠየቀች።

«ዛሬ አሥራ አራት ቀኑ» አለ አባቴ በቀጭን ድምፅ።

«እንግዲህ እግሯ መከፈት የጀመረው ማሽኑ ከመምጣቱ ሰባት ሳምንት ቀድሞ ነው። ውሃው ነው ከሥር የበላት። ማሽኑ አፋጥኖት ይሆናል፤ የጣላት ግን እሱ አይደለም።» ከዚያ ለባለገመዱ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፦ «ብትነግረን ኖሮም ከመውደቅ ላናድናት እንችል ነበር። ሰውን ግን ከሥሯ እናርቅ ነበር። ማንም ሰው አለመሞቱ ዕድል ነው፣ ያንተ ሥራ አይደለም። ከዚህ ሥራ ተነስተሃል። አሁን አብረኸኝ ሄደህ ቃልህን ትሰጣለህ።»

«እሺ» አለ።

ፖስታዎቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እነዚህ ማስረጃ ናቸው፣ እኔ ጋር ይቆያሉ። አልከፍታቸውም። ቀናቸው ይበቃኛል።»

ባለገመዱ ከበሩ ሥር ቀና ብሎ አየኝ። ያ ሁሉ ሰው መሃላችን እያለ፣ የሌለ ይመስል ጠየቀኝ።

«ምን ይላሉ?»

«ስድስቱ ናፈቅከኝ ይላሉ» አልኩ። «ሰባተኛው ሂድልኝ ይላል። ሰባተኛውን ተናድጄ ነው የጻፍኩት፣ አትመነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ልጽፈው ብዬ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሰርዤዋለሁ።

አባቴ ተነሳና ከወንበሩ ጀርባ ላይ ኮቱን አነሳ። አንዱን እጅጌ አጥልቆ ሌላው ጠፋበት፣ ልብስ ሰፊዋ ያዘችለት። በኔ አጠገብ ሲያልፍ ቆመ። ሊመታኝ ነው ብዬ አይኔን ጨፈንኩ።

«መልስ ሳታገኚ ሰባት ጻፍሽ?» አለኝ።

«አዎ አባዬ።»

በሩ ጋ ደርሶ ከባለገመዱ ጎን ቆመ።

«እርስዎ እንኳን አያስፈልጉም» አለችው መሐንዲሷ።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «ልጁ ብቻውን አይሄድም።»

ወጡ። በመስኮቱ አየኋቸው። መሐንዲሷ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ትተው፣ ፍርስራሹን እየዞሩ ሄዱ። ይታሰር ይሆን አይታሰር አላውቅም ነበር። አባቴ ይቅር ይለኝ እንደሆነም አላውቅም ነበር።

ሰው ገና መውጣት ሲጀምር ወንበሮቹን ልሰብስብ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ከሁለቱ አንዱን አጣለሁ እያልኩ ስፈራ ለእትዬ የማለቅስበት ፋታ አላገኘሁም ነበር። አንድ ወንበር እንዳቀፍኩ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «እትዬ!» ብዬ ጮህኩ፣ የሞተ ዘመድ እንደሚጠራ ሰው፣ ሳላፍር። ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ተመልሳ መጥታ አቀፈችኝ፣ ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪው ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ ተቀመጠ። ያን ቀን ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰላት።